የስምንት ቀን መንገድ

አሸቱ አዲስ አበባን የምታውቀው በባሏ አፍ ነበር። ከነገሌ ስምንት ቀን ያስኬዳል ብሏታል፤ እሷም ያንኑ ይዛ ኖራለች። ሰው ሲጠይቃት «ስምንት ቀን ነው፤ እሱም መኪናው ካልተሰበረ» ትላለች፣ ራሷ ደርሳ የተመለሰች ይመስል።

ባሏ ሸዋንግዛው የጭነት መኪና ሾፌር ነው። የመንዝ ሰው ነው። መሪ መጨበጥ የተማረው በጠላት ወረራ ዘመን ከጣሊያኖች ነበር። እነሱ ሲወጡ ጥለዋቸው ከሄዱት ትሬንታ ኳትሮ የጭነት መኪኖች አንዱን ከአንድ ነጋዴ ጋር ሆኖ አስጠገነና እየነዳ ነገሌ ገባ። ከነገሌ ቆዳና ቅቤ ጭኖ ይወጣል፤ ከአዲስ አበባ አቡጀዲ፣ ስኳርና ላምባ ጭኖ ይመለሳል። ሲመለስ የሞተሩ ድምፅ ገና ከከተማው ዳር ይለያል። አሸቱ ውሃ አሙቃ እግሩን ታጥበዋለች፣ እሱም ወሬውን ይጀምራል። ዋደራ ጫካ ውስጥ ጭቃው እስከ መኪናዋ ሆድ ደርሶ እንደነበር፣ ከጎማው ላይ ያለው ባሌስትራ መሰበሩን፣ ጎማ መፈንዳቱን፣ ረዳቱ በወባ ተይዞ አንድ መንደር ውስጥ መክረሙን ይነግራታል። ደህና አድርጎ ማውራት ይችልበታል።

«አንድ ቀን እኔንም ይውሰዱኝ» ትለው ነበር። በዕድሜ ብዙ ስለሚበልጣት በአንቱታ ነበር የምትጠራው።

«ያንን መንገድ ለጠላቴም አልመኘው» ይላታል። «ሾፌር የሆነ ሰው ኃጢአት ስላለበት ነው የሚሄድበት። አንቺ ምን በድለሽ?»

እሷም ትስቃለች። ነገሩም በዚያው ያልፋል።

አሸቱ ተወልዳ ያደገችው ነገሌ ነው። አባቷ ከሰሜን የመጣ ወታደር ነበር፤ በጣሊያን ጦርነት ገናሌ ወንዝ አጠገብ ወደቀ። እናቷ የሊበን ቦረና ስለነበረች ወደ ዘመዶቿ ተመልሳ ሌላ ባል አገባች፤ የአሸቱን ወንድም ዳዳቻንም እዚያ ወለደች። አሸቱ በከብትና በከተማ መካከል አደገች። በአባቷ ቤተ ክርስቲያን ትስማለች፣ በእናቷ ቋንቋ ላም ትጠራለች። ሸዋንግዛው ሲያገባት ገና ልጅ እግር ነበረች። ልጅ አልወለዱም። እሷም ቤት ተቀምጣ ከማዘን ብላ፣ ከሊበን ሴቶች ቅቤ እየገዛች ገበያ ላይ መሸጥ ያዘች። ወደ ምሥራቅ ፊልቱ ደርሳለች፤ ከዚያ ወዲያ የእግሯን ጫማ ያየ አገር የለም።

አውሮፕላን ነገሌ መምጣት ከጀመረ ሰንብቷል። መጀመሪያ ሰሞን ሕዝቡ ሜዳው ዳር ተኮልኩሎ ያይ ነበር፤ ሲውል ሲያድር ግን ከብቶቹ እንኳ ለመዱት። የሚሳፈሩበት ዳኛው፣ የጦር መኮንኖች፣ አስተማሪዎችና ጥቂት ነጋዴዎች ናቸው። ሸዋንግዛው የአውሮፕላን ስም ሲነሳ አይወድም። «ባሌስትራ ሰማይ ላይ ቢሰበር ወርደህ አትጠግነው!» ይልና ጓደኞቹን ያስቃቸዋል።

በሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ሦስት ዓመተ ምሕረት የአሸቱ ሆድ መግፋት ጀመረ። ጎረቤት እልል ሊል ምንም አልቀረውም። እሷም ማንም ሳይሰማት ስለት ተሳለች። ወራቱ ግን አለፉ፤ የሚወለድ ነገር የለም። ሆዷ እንደ ድንጋይ ጠነከረ፣ ደምም ይፈሳት ጀመር። የጤና ጣቢያው ድሬሰር ሆዷን ዳብሶ ሸዋንግዛውን ወደ ውጭ ጠራው።

«ይኼ ልጅ አይደለም። ዕጢ ነው። ቶሎ አዲስ አበባ ትሂድ፤ እዚያ ይቆርጡላታል።»

«ጭነቴ ዝግጁ ነው። ነገ ጋቢና አስቀምጬ እወስዳታለሁ» አለ ሸዋንግዛው።

«በዚያ መኪና? ዋደራ ሳትደርስ ትሞትብሃለች። በአውሮፕላን ትሂድ።»

ዳዳቻ ወሬውን ሰምቶ ከሊበን በእግሩ መጣ። «አካም፣ እህቴ?» ብሎ በእናታቸው ቋንቋ ደህንነቷን ጠየቃት፤ እሷም «ናጋ» በማለት ፈንታ እጁን ይዛ ሆዷ ላይ አደረገችው። በማግሥቱ ሁለት ወይፈን ሸጦ ገንዘቡን ይዞ ዓብዱልወሃብ ሱቅ ሄደ። የአውሮፕላን ቲኬት የሚቆረጠው በዚያ፣ ከስኳሩና ከሻዩ ጎን ነበር። አሸቱም እየደከማት ተከትላው ነበርና ባንኮኒው ላይ ተደግፋ ጠየቀች።

«ዓብዱልወሃብ፣ ለስንት ቀን ስንቅ ልያዝ?»

«የምን ስንቅ?»

«ለመንገዱ ነዋ። እስክንደርስ።»

ዓብዱልወሃብ ሳቀ፤ ፊቷን ሲያይ ግን ሳቁን ዋጠ። «እህቴ፣ በሰማይ ከነገሌ አዲስ አበባ አራት መቶ ኪሎ ሜትር ትንሽ ፈቀቅ ቢል ነው። ንፋሱ ካልከለከለ ሁለት ሰዓት አይሞላም። ረፋድ ላይ ተነስተሽ ምሳ እዚያ ትበያለሽ። ምድሩ ስለሚጠማዘዝ ነው የሚርቀው።»

አሸቱ አላመነችውም። ነጋዴ ዕቃውን ያሳምራል ብላ ተወችው፤ ቆሎም ቋጥራ ያዘች።

የጉዞው ቀን የአውሮፕላን ማረፊያው ዘበኛ ከብቱን ከሜዳው ሲያባርር ሸዋንግዛው አጠገቧ ቆሞ ነበር። የጫናት መኪና መንገድ ዳር ትጠብቀዋለች። «እኔም አሁኑኑ እነሳለሁ። እደርስብሻለሁ፤ አይዞሽ» አላት። ዓይኑ እንባ አቅርሮ እንደነበር በኋላም አልካደችውም። የአስተማሪው ሚስት ጥሩነሽ ዘመዶቿን ልትጠይቅ በዚያው አውሮፕላን ትሄድ ስለነበር፣ ሆስፒታል እንድታደርሳት ድሬሰሩ አደራ ብሏታል።

የአውሮፕላኑ ውስጥ የቆዳ ሽታ አለው። ወንበሩ በግራና በቀኝ ግድግዳውን ተደግፎ የተዘረጋ አግዳሚ ነው፤ መሐል ላይ ዕቃው በገመድ ተጠፍሯል። አውሮፕላኑ ሲያጓራ አሸቱ የጥሩነሽን እጅ ጨበጠች። ከመሬት ሲለቅ ግን ጨርሶ ሳይታወቃት ቀረ። ጥሩነሽ ከረሜላ ሰጥታት «እየመጠጥሽ ምራቅሽን ዋጪ፤ ጆሮሽን እንዳይደፍነው» አለቻት።

በመስኮቱ የሊበን ሜዳ ቀይና ጠፍጣፋ ሆኖ ታያት። እዚህም እዚያም የከብት በረት እንደ ጣት ቀለበት ክብ ሆኖ ይታያል። ጥቂት ቆይቶ ምድሩ ጠቆረና አረንጓዴ ሆነ፤ በመሐሉ አንድ ቀይ ክር ይሄዳል።

«እሱ ምንድን ነው?»

«ዋደራ መሰለኝ። ጫካው ነው» አለች ጥሩነሽ።

አሸቱ ወደ መስኮቱ ተጠጋች። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሙን የሰማችው፣ ባሏን የዋጠና የተፋ ጫካ ይህ ነው። ክሩ ላይ መኪና ፈለገች፤ ከዚያ ከፍታ መኪና የሚታይ ነገር አይደለም። ደግማ ልታይ ስትል ጫካው አለቀ። ከዚያ ተራራ መጣ፣ ከተራራው በኋላ ሐይቅ፣ ከሐይቁ በኋላ ጤፍ የተዘራበት አገር። ከዚያ ጆሮዋ ውስጥ አንድ ነገር ጧ አለና ጎማው መሬት ነካ።

«የት ነው ያወረደን?» አለች አሸቱ።

«አዲስ አበባ ነዋ!»

ቆሎው አልተፈታም ነበር። ታክሲ ውስጥ ሆና ለባሏ አዘነችለት። ሰው ቁርሱ ሳይፈጭ የሚደርስበትን አገር እሱ ስምንት ቀን በጭቃ ሲዳክርበት ኖረ።

ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን ሆዷን ቀደዷት። የወጣው ዕጢ የሕፃን ራስ ያህል ነበር አሉ፤ እሷ ግን አላየችውም። ማህፀኗም አብሮ እንደወጣ የነገራት አስተርጓሚው ነው፤ ፈረንጁ ሐኪም አጠገቡ ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር። አሸቱ «እሺ» ብቻ አለች። ያን ቀንና ማግሥቱን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኛች።

ከዚያ በኋላ ጠያቂ መጣላት። ቢረሳው ይባላል፤ እሱም የነገሌ ሾፌር ነው። ሸዋንግዛው በወጣ በማግሥቱ ነበር የተነሳው። ብርቱካን በወረቀት ጠቅልሎ ይዞ ገባ።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ፣ እትዬ አሸቱ። መኪናዬን ትናንት አራግፌ ዛሬ ላይሽ መጣሁ።»

«ትናንት ገባህ? እንዴት ቻልክ?»

«ምን ያስቸግራል፤ አራት ቀን ነው። ዘንድሮ ዝናቡ ገና ስለሆነ ዋደራ እንኳ አቧራ ነው።» ዙሪያውን ተመለከተ። «ሸዋንግዛው የት ሄደ? ከእኔ በፊት አይደል የወጣው?»

«አልደረሰም።»

ቢረሳው ብርቱካኑን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። ከዚያ መልሶ አነሳው።

«መንገድ ላይ አላገኘኸውም?» አለች አሸቱ።

«መኪናዋን ይርጋ ዓለም ቆማ አይቻታለሁ።»

«ተሰብራ?»

«እንጃ፣ እትዬ። ቆማ ነው ያየኋት።»

«ይርጋ ዓለም የት፤ ጋራዥ?»

ቢረሳው ክፉ ሰው አልነበረም፤ ውሸትም አይሆንለትም። «እኔ እንግዲህ ልሂድ፤ ጭነት አለብኝ» ብሎ ኮፍያውን ጨብጦ ወጣ። አሸቱ ከዚያ በኋላ ጣራውን እያየች ተኛች። አራት ቀን የሚለው ቃል ከቁስሏ ይልቅ ይጠዘጥዛት ጀመር። የተሰበረውን ባሌስትራ፣ ወባ የያዘውን ረዳት ሁሉ አንድ በአንድ አስታወሰች። የቱ እውነት የቱ ውሸት እንደሆነ መለየት አልቻለችም፤ ሁሉንም ደግሞ ውሸት ብላ መጣሉ አሳዘናት።

ሸዋንግዛው በስምንተኛው ቀን መጣ። ፊቱ ከስቷል፤ ዓይኑ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። የለበሰው ሸሚዝ ግን የታጠበና የተተኮሰ ነበር። ከአልጋው ጫፍ ተቀምጦ እጇን ያዘ።

«ዋደራ ላይ ያ ጭቃ…» ብሎ ጀመረ።

«ይተዉት። እንኳን ደረሱ» አለች አሸቱ።

ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ቆየች። እሱም መርካቶ ጭነት እየጠበቀ በየቀኑ ይጠይቃታል፤ ወተት ያመጣላታል፣ ለጠያቂዎቿ ወንበር ያቀርባል። ልትወጣ ስትል ጥሩነሽ መጥታ «ሐሙስ አብረን እንመለሳለን፤ ቦታ አስይዣለሁ» አለቻት።

«እግዚአብሔር ይስጥልኝ። እኔ በመኪና ነው የምሄደው።»

ሸዋንግዛው ከወንበሩ ተነሳ። «እብድ ነሽ? ቁስልሽ ገና አልጠገገም! መንገዱ ይፈጅሻል።»

«ሐኪሙ ቀስ ተብሎ ከተነዳ ይቻላል ብሏል። መንገዱን ልየው።»

ሸዋንግዛው ቀስ ብሎ ነዳ። የመጀመሪያውን ቀን ሻሸመኔ አደሩ። በማግሥቱ ይርጋ ዓለም ሲገቡ ፀሐይዋ ገና አናት ላይ ነበረች። ከተማው መሐል ሲደርሱ ሸዋንግዛው ማርሹን ለውጦ መኪናዋን አስሮጣት።

«እዚህ እንደር» አለች አሸቱ።

«ገና ቀን ነው። አለታ ወንዶ እንደርሳለን።»

«እዚህ ነው የምናድረው። ቤቱ የቱ ጋ ነው?»

መኪናዋ ጥቂት ከሄደች በኋላ ቆመች። ሸዋንግዛው ሞተሩን አጠፋና ግንባሩን መሪው ላይ ደፋ። ረዳቱ ከላይ ከጭነቱ «ምን ሆነ ጌታዬ?» ብሎ ጮኸ። ቆይቶ ሸዋንግዛው ቀና አለና በአገጩ ወደ አንድ ቆርቆሮ ቤት አመለከተ። ደጁ ላይ የሽፈራው ዛፍ ተተክሏል።

አሸቱ ብቻዋን ወረደች። ቤቱ ሾፌሮች የሚመገቡበት ምግብ ቤት ነው። በዛብሽ የምትባለው ባለቤት ቀይ፣ ጠንካራ ሴት ናት፤ እጇ በሊጥ እንደተነከረ ወጣች። አምስት ዓመት የማይሞላት ልጅ ቀሚሷን ይዛ ተከተለቻት፤ ፊቷ ላይ የኩፍኝ ምልክት ገና አልጠፋም። አፍንጫዋ የሸዋንግዛው ነበር።

«ቤት ለእንግዳ» አለች በዛብሽ። ከዚያ መንገዱ ዳር የቆመችውን መኪና አየች፤ ከመኪናዋም ወደ ሴትየዋ። «ነገሌ ያለችው እህቱ ነሽ?»

«እህቱ አይደለሁም።»

በዛብሽ ሊጡን ከእጇ ላይ መፈቅፈቅ ጀመረች። ብዙ ጊዜ ወሰደባት። «አወቅሁ» አለች በመጨረሻ። «አሁን ሳይሽ አወቅሁ። ግቢና ተቀመጪ፤ ፊትሽ ልክ አይደለም።»

በጓዳው ውስጥ መደብ ላይ አስቀመጠቻትና ውሃ ሰጠቻት። ቀድማ የተናገረች አሸቱ ናት።

«ነገሌ ስንት ቀን ነው ይልሻል?»

«ሳምንት። ክረምት ከሆነ ደግሞ ከዚያም በላይ። ምነው?»

«ከዚህ ሁለት ቀን ነው አሉኝ።»

በዛብሽ አየቻት። የሳቅ ይሁን የልቅሶ ሳይለይ አንድ ድምፅ ወጣት። አሸቱም ቁስሏን በእጇ ደግፋ ሳቀች።

«ሰሞኑን ቡርቱካን ልትሞትብኝ ነበር» አለች በዛብሽ የልጅቷን ፀጉር እየዳበሰች። «ኩፍኝ። እሱ የመጣ ዕለት እኔ ተስፋ ቆርጬ ነበር። አራት ቀን ከአጠገቧ አልተነሳም፤ ትኩሳቷ እስኪበርድ። አዲስ አበባ የታመመ ሰው አለብኝ እያለ ይነሳል፤ ልጅቷ ስታቃስት ተመልሶ ይቀመጣል። አንቺ መሆንሽን እንዴት ልወቅ?»

አሸቱ ልጅቷን ተመለከተች። እሷን በቀደዷት ዕለት እሱ እዚህ፣ ከዚህች ራስጌ ተቀምጦ ነበር። ልትቆጣ ፈለገች፤ ቁጣው በምን በኩል እንደሚወጣ ጠፋት። «እንኳን ተረፈች» አለች።

ያን ቀን ሸዋንግዛው ወደ ቤት አልገባም። መኪናው ሥር ተኝቶ መፈታት የማያስፈልገውን ብሎን ሲፈታ ዋለ፤ አዳሩም ጋቢና ውስጥ ሆነ። ጧት አሸቱ ስትወጣ በዛብሽ እስከ መኪናው ሸኘቻት። እሱን ሁለቱም አላናገሩትም።

ዋደራ ጫካ ውስጥ ዝንጀሮዎች መንገዱ ዳር ተቀምጠው ነበር። አንድ ቦታ ላይ የመኪና ጎማ የቆፈረው የከረመ ጉድጓድ አየች። ክረምት ላይ በእርግጥ ክፉ መንገድ ሊሆን እንደሚችል ተረዳች፤ ሁሉም ነገር ውሸት አልነበረም። በሁለተኛው ቀን ፀሐይ ሳትጠልቅ ነገሌ ገቡ። ሸዋንግዛው ዕቃዋን ከደጅ አስቀምጦ ሊገባ ሲል በሩ ላይ ቆመች።

«አንተ ግን እዚህ አትገባም» አለችው። ካገባችው ጊዜ ጀምሮ አንተ ብላው አታውቅም። እሱም ከነገሩ ሁሉ ያ ቃል ሳይመታው አልቀረም፤ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ተመለሰ።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ዳዳቻ ከሊበን አንድ የተከበሩ አዛውንት፣ አባ ጣዲቻን ይዞ መጣ፤ ከከተማውም ሁለት ሰዎች ተጨመሩ። አባ ጣዲቻ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰምተው ሲያበቁ በአማርኛ የጀመሩትን በኦሮምኛ፣ በኦሮምኛ የጀመሩትን በአማርኛ እየጨረሱ ተናገሩ። ሁለት ቤት መያዝ ለወንድ አዲስ ነገር አይደለም፤ ልጅም ላላገኘ ሰው ይፈቀዳል፤ ታዲያ ምኑ ነው ያስቆጣሽ አሏት።

«ሁለት ቤት መያዙ አይደለም፣ አባ ጣዲቻ» አለች አሸቱ። «ሁለት ቤት ያለው ሰው ሁለት ቤት አለኝ ይላል። እሱ ግን አገሩን አራቀብኝ። አሥራ ሰባት ዓመት መድረስ አትችይም አለኝ፤ እኔም አልችልም ብዬ ተቀመጥኩ። ሆዴን ሲያመኝ እንኳ ከሐኪም ይልቅ ሞቱ ይቀርበኛል ብዬ ወራት አስቆጠርኩ። ቀደም ብዬ ሄጄ ቢሆን ምናልባት ማህፀኔን አያወጡትም ነበር። እንጃ። ይህን ግን አልምረውም።»

ሽማግሌዎቹ ወደ ሸዋንግዛው ዞሩ። ባርኔጣውን በጉልበቱ ላይ እያሽከረከረ «ልክ ናት» አለ።

ቤቱ ለእሷ ሆነ፤ መኪናዋ ለእሱ። እሱም ይርጋ ዓለም ገብቶ ተቀመጠ።

አሸቱ ዓመት ሳይሞላት ቅቤዋን በጣሳ አሽጋ በአውሮፕላን መላክ ጀመረች። መጀመሪያ በሰው እጅ ላከች፤ የላከችው ሰው ግማሹን በላባት። ከዚያ ራሷ መሄድ ጀመረች። ዓብዱልወሃብ ቲኬቷን ሳይጠየቅ ይቆርጥላት ነበር። ሐሙስ ረፋድ ከጣሳዎቿ ጋር ትሳፈራለች፤ ከሰዓት በኋላ መርካቶ ቆማ ዋጋ ትከራከራለች። አንዳንዴ አውሮፕላኑ በደመና ምክንያት ሳያርፍ ይመለሳል፤ ያኔ ቅቤው ሜዳው ላይ ሲቀልጥ ትውልና እየተራገመች ወደ ቤት ታስገባዋለች። ለገበያተኛ ሴቶች ስለ በረራው ስታወራ ግን ረጋ ያለች ናት። አንዲት የሊበን ሴት ሰማይ ላይ ምን ይታያል ብትላት «ብዙም አይታይ። ቶሎ ያልቃል» አለቻት።

ሸዋንግዛው አልፎ አልፎ ጭኖ ነገሌ ይመጣ ነበር። ገበያ ላይ ሲገናኙ ሰላምታ ይለዋወጣሉ። አንድ ጊዜ ቅቤ ገዛት፤ ዋጋ አልቀነሰችለትም፤ እሱም አልጠየቀም።

በስልሳ አራት ዓመተ ምሕረት ቢረሳው መኪናውን ደጇ ላይ አቁሞ ገባ። ኮፍያውን አውልቆ ነበርና ሳይናገር ገባት። ሸዋንግዛው በሳንባ በሽታ ጥቂት ቀን ተኝቶ ማረፉን ነገራት። ቀብሩ አልፏል። ወደ ይርጋ ዓለም የሚበር ነገር የለም፤ ቢኖርም አትጠብቀውም ነበር። ነጠላዋን አጣፍታ ጋቢናው ውስጥ ተቀመጠች።

ሲደርሱ ለቅሶ ቤቱ በሰው ተሞልቶ ነበር። በዛብሽ ከፍራሹ ላይ ተነስታ አንገቷ ላይ ወደቀች። ቡርቱካን ትልቅ ልጅ ሆናለች፤ ማን እንደመጣ አላወቀችም፣ ቢሆንም ጉልበቷን ሳመቻት። አሸቱ አለቀሰች። ለእሱ ይሁን ለራሷ ማንም አልጠየቃትም። እስከ ሰባተኛው ቀን ድረስ ቆየች። ለመጣው ለቅሶኛ ንፍሮ አቀረበች፣ ሳህን አጠበች፣ ጥግ ላይ ተቀምጣ ከበዛብሽ ጋር ስለ ዝናቡና ስለ ቅቤ ዋጋ አወራች።

በስምንተኛው ቀን ወደ ነገሌ የሚወርድ መኪና ተገኘ። በዛብሽ አንድ ቁና የይርጋ ዓለም ቡና በከረጢት ቋጥራ ጋቢናው ውስጥ ወረወረችላት። አሸቱ ነገሌ ስትደርስ ግማሹን ሸጠችው፤ ግማሹን ለዳዳቻ ሚስት ላከችላት፣ በቅቤ ጠብሳ የቦረናዎቹን ቡን ቀላ ትሥራበት ብላ።